ዓሣዎቹ ሱባዔ የገቡበት ሳምንት

ባሕር ሳሎኔ ድረስ መጥቶ የቡፌዬን ቦታ ይቀማኛል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር። ድሬዳዋ እኮ ነው! ደቻቱ እንኳ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ብቻ ነው ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለው። እኔ ግን ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ከዚራ ውስጥ፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች በምንኖርበት ሰፈር፣ የጨው ባሕር በመስታወት ሣጥን አስቀምጬ ኖሬአለሁ። መኖር ብቻ አይደለም፤ ተጣልቼዋለሁም። በምላጭ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በነጠላዬ ሳይቀር ተዋግቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከባለቤቴ ልብ ነው። ባለቤቴ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ወሬውን ይጀምራል፤ ባሕሩ ዛሬ እንዲህ ነበር፣ መርከቧ እንዲያ ነበረች፣ ዓሣ አጥማጁ እንዲህ አለኝ። ሲበዛብኝ የተኛሁ መስዬ አንኮራፋለሁ። እሱ ግን ለማንኮራፋቴም ያወራል። አንድ ቀን ባቡሩ ላይ እንዳለ ልቡ ከዳውና በሰው ትከሻ ወረደ። ሐኪሙ ሁለተኛ መስመር እንዳይወጣ ከለከለው። አለቆቹ ደጎች ነበሩና ጣቢያው ውስጥ ጠረጴዛ ሰጡት፤ እስከ ቀትር የጭነት ወረቀት ላይ ማኅተም ይመታል፣ ከቀትር በኋላ ቤቱ ይውላል።

እንግዲህ በዚህ ከተማ ሰው ታመመ ከተባለ በሩ ማረፊያ የለውም። ጠያቂ ይጎርፋል፤ ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካን የያዘ አለ፣ ስኳር የያዘ አለ፣ ከመጋላ ሐልዋ የቋጠረ አለ። አጠገቡ ይቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት አደርክ? ትንሽ ቀመስክ?» ይሉታል። የእኔ ሰውዬ የመጀመሪያውን ሳምንት ጥርሱን ነክሶ ቻለው። በሁለተኛው ሳምንት ግን በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «አቦ! አልሞትኩም እኮ! ብርቱካናችሁን ለታመመ ሰው ውሰዱ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተቀየመ፣ በመጨረሻም ቀረ።

ቤታችን ጭር አለ። እሱም ዝም አለ። ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። እውነቱን ልናገር፣ ከልቡ ይልቅ ያስፈራኝ ዝምታው ነበር። ሐኪሙ ለልቡ ክኒን ሰጥቶናል፤ ለዝምታው ግን ምንም አልሰጠንም። ይህ ሰው እንዲሁ ውስጥ ውስጡን እየደረቀ ከእጄ ሊያመልጥ ነው ብዬ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ነበር። በዚያ ወራት የሰው ቀሚስ ያበላሸሁት ጥቂት አይደለም።

መላውን ያመጡት የባቡር ጓደኞቹ ናቸው። ባሕሩ ናፍቆት ነው፣ እሱ መሄድ ካልቻለ እኛ እናመጣለታለን አሉ። ጥገና ክፍል ያሉት ብረት በይደው የሣጥን አጥንት ሠሩ፣ እንዳይዝግ አንቲሩጂን ቀቡት፣ መስታወቱን በስቱኮ አጣበቁት፣ እንዳያፈስ ጥጋጥጉን በሬንጅ ደፈኑት። ከዚያ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ሁሉ የባሕር ውሃ በጀሪካን ይመጣልን ጀመር። ከውሃው ጋር ድንጋይና ዛጎል መጣ፤ በመጨረሻም ዓሣዎቹ መጡ። ሁለት ጥቁርና ቢጫ ባለ መስመር፣ አንዲት ጣት የማታህል ሰማያዊ፣ ደግሞም ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ የምትዞር ሸርጣን።

ዓሣ እንዲተነፍስ ውሃው አየር ይፈልጋል ተባለ። ለዚህ ደግሞ የጭነት መኪና ካላማዳሪ ጓዳ ውስጥ በእግር ፖምፓ ይነፋና፣ አየሩ በቀጭን የሐኪም ቤት ጎማ እየሾለከ ውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ባለቤቴ ልቡን ስለሚያመው ፖምፓውን ጠዋትና ማታ የምረግጠው እኔ ነኝ። እኔ ልብ የሌለኝ ይመስል!

ቡፌዬ ወደ ጓዳ ተሰደደ። ግን አልከፋኝም፤ ሰውዬው አፉን ከፈተ። ወንበሩን ከግድግዳው ወደ መስታወቱ አዞረና የዓሣዎቹን ጠብና ዕርቅ ይተርክልኝ ጀመር። ሸርጣኗ ቤት ስትቀይር ያየ ቀን የጎረቤት ሠርግ ያየ ያህል ነው ያወራልኝ። እኔም ያን ጊዜ አላንኮራፋሁም፤ እንዲያውም መርፌዬን አስቀምጬ ሰማሁት።

ዓሣ አለ ሲባል ሰዉም ተመለሰ። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ። «ኤዶ» እንላት ነበር፤ በአገሯ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። ኤዶ «አንተ» እና «አንቺ» ከማለት በቀር ሌላ አታውቅም፤ ለዳኛም ቢሆን፣ ለቄስም ቢሆን። በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣

«የታለ እንግዳው? አንተን ብዬ እንዳይመስልህ የመጣሁት፤ ዓሣውን ልጠይቅ ነው» አለችው።

እጇ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ ነበር። ግማሹን ራሷ በላችና ከቀሪው ሥጋውን ፈልፍላ ውሃው ውስጥ በተነችው። ባለመስመሮቹ ተሻምተው ሲጎርሱ «ወላሂ፣ ባለጌዎች ናቸው!» ብላ ሳቀች። ባለቤቴም ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበርና ስፌት ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ኤዶን ባረክኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቀትር በኋላ ቤታችን ሰው አጥቶ አያውቅም።

ሁዳዴ ገባ። በጾም እቤቴ ሥጋ አይገባም፣ ወተት አይገባም። እስከዚያ ድረስ ለዓሣዎቹ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሥጋ ከትፌ እሰጣቸው ነበር። አሁን ግን እኔ ሽሮ እየበላሁ እነሱ ሥጋ ሲያላምጡ ማየት ከበደኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለ ሰው ሲከራከር ሰምቻለሁ፤ ዓሣው ራሱ ይጾም እንደሆነ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ በገዛ ሥልጣኔ አስጾምኳቸው። ዳቦና የተቀቀለ ሽምብራ አድቅቄ አቀርብላቸዋለሁ። ቀመስ አድርገው ይተፉታል፤ እኔም ገና ስላልለመዱት ነው እያልኩ እጨምርላቸዋለሁ።

ኤዶ አንድ ቀን ሽምብራው መሬት ላይ ተኝቶ አየች። የባሕሩን መሬት ማለቴ ነው።

«ያ ረቢ! ምን ሆነሻል አንቺ? ይኼ ዓሣ እኮ ከጅቡቲ ነው የመጣው፣ እስላም ነው! የማንን ጾም ነው የምታስጾሚው?»

ተሳሳቅንና ነገሩን ረሳሁት። እሷ ግን እንዳልረሳች የገባኝ በኋላ ነው።

አረንጓዴው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት «አልጌ» የሚል ስም ይዘውለት መጥተዋል፤ እኛ «አረንጓዴው» ብቻ እንለው ነበር። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ እንደ ስስ አቧራ ታየ። ጣቴን ባሳልፍበት አንሸራተተኝ። በሳምንቱ ድንጋዮቹ ጠጉር አበቀሉ፤ ረጅም፣ የሚወዛወዝ፣ የሚያንሸራትት ጠጉር። ቀጥሎ ውሃው ራሱ የጎመን ቅቅል መሰለ። ባለቤቴ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ዓሣዎቹን ይፈልጋል፤ አንዷ ብልጭ ብላ ስትጠፋበት ይተክዛል። ወሬውም ከውሃው ጋር እየደፈረሰ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ተሸናፊ አይደለሁም። መስታወቱን በምላጭ ፋቅሁት። ሰኞ ብፍቀው ሐሙስ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ፀሐይ ይወዳል ሲሉኝ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋረድኩት፤ በዚያ ሙቀት ነፋስ አጥተን እኛ ስንቀቀል እሱ ግን ደህና ነበር። ድንጋዮቹን እያወጣሁ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኋቸው። ባለቤቴ ከወንበሩ ሆኖ «በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢያቸው፣ ከውስጥ በቀዳሽው ውሃ ነው!» እያለ ያዝዘኛል። የታችኛውን ዝቃጭ በጎማ ስቤ ላወጣ ብዬ አፌን ሞልቶ የጠጣሁትን ነገርማ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። አዲስ የባሕር ውሃ መጣልን፤ በነጠላዬ አጠለልኩት። ነጠላዬ ሲደርቅ ብቻውን መቆም ቻለ። አረንጓዴው ግን በአዲሱ ውሃ ላይ የባሰ ወፈረ። ከሰው ጋር ብጣላ ቢያንስ ሽማግሌ ይገባል።

አንድ ጠዋት ሰማያዊዋ ከላይ ተንሳፍፋ ተገኘች። ባለቤቴ በማንኪያ አውጥቶ በመሐረቡ ጠቀለላትና ጓሮ ካለው ፓፓያ ሥር በእጁ ቆፍሮ ቀበራት። ሥራ ሄዶ ተመለሰ። ምሳውን በላ። «አዝናለሁ» አልኩት። «ዓሣ ናት» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በማግስቱም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሲያዞር አየሁት። እንግዲህ ይህ ውሃ ከሞተ እኔም ሰውዬዬን ላጣው ነው አልኩ።

በዚያው ሳምንት ራሴን ክፉኛ አመመኝና ስፌቴን ትቼ መኝታ ቤት ተኛሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሳሎኑ ይታየኛል። እንግዶች እንደወትሯቸው መምጣት ጀመሩ። ኤዶ ገባች፤ ሳምቡሳዋን ፈለፈለች። ከሻሿ ጫፍ ደግሞ ቋጠሮ ፈታችና የተቀቀለ ሥጋ ጨመረች። «ብሉ፣ እሷ አታይም» ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ሁለት የባቡር ሰዎች መጡ፤ አንዱ ዳቦ ፈረፈረ፣ ሌላው ከኪሱ ኦቾሎኒ አውጥቶ አኘከና ጣለላቸው። ጥቂት ቆይተው የነፍስ አባቴ መጡ። አባም በመስቀላቸው ባረኩና ግራ ቀኝ አይተው ከቀሚሳቸው ኪስ የዳቦ ቅርፊት አወጡ። ጠዋት ደግሞ እኔ ራሴ ሽምብራዬን አቅርቤ ነበር። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ! ሦስት ዓሣ የማይሞሉ ፍጥረቶች፣ በዚያች ጠባብ ውሃ ውስጥ የሠርግ ድግስ ያህል ይወርድባቸዋል። የማይበሉት ይበሰብሳል፤ አረንጓዴው ደግሞ ብስባሹን እየበላ ይወፍራል። ዓይኔ የበራልኝ ያን ጊዜ ነው። ራስ ምታቴም ያኔውኑ ለቀቀኝ።

እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠበቅሁና ወጣሁ።

«ምክንያቱን አገኘሁት» አልኩት። «ምግቡ ነው። የሚመጣው ሁሉ እየመገባቸው ነው፤ እኔም ጭምር።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ጅቡቲ ዓሣውን የሰጠን ሰውዬ ገና ከመጀመሪያው መልእክት ልኮልኝ ነበር። በቀን አንድ ቁንጥር፣ ከዚያ በላይ ውሃው ይበላሻል ብሎ።»

ያ ሁሉ ምላጭ፣ ያ ሁሉ ብሩሽ፣ ያ የጠጣሁት ዝቃጭ ትዝ አለኝ። «ታዲያ አፍ የለህም? አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?» ብዬ ጮኽኩበት።

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸዋል፤ ማኅተም ብቻ የሚመቱ እጆቹን።

«ብከለክላቸው» አለ በመጨረሻ፣ «በምን ይመጣሉ?»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የናፈቀው ባሕር ይመስለኝ ነበር።

ሆኖም ውሃው መዳን አለበት። የድሬን ሰው ደግሞ አትመግብ ማለት ቤቴ አትምጣ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ጊዜ አስቀይመናቸዋል። አስቤ አስቤ አንድ ዘዴ መጣልኝ። በማግስቱ በየቤቱ ዞሬ «ዓሣዎቹ ሱባዔ ገብተዋል፤ ሰባት ቀን እህል አይቀምሱም፣ ብርሃንም አያዩም» ብዬ አወጅሁ። ክርስቲያኑ ወዲያው ገባው። እስላሙም ጾም ሲባል ያውቃል፤ ያከብራል። አባ ብቻ ዓይናቸውን አጥብበው «ማን ፈቀደላቸው?» አሉኝ። «ዳቦ የሚጥሉላቸው አባት» ብላቸው ጺማቸውን ዳበሱ።

ድሬ ላይ ሥራ ፈት ሆኖ የኖረ ብርድ ልብስ ነበረኝ፤ ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ሸፈንኩበት። ጠዋትና ማታ አየሩን ብቻ እነፋላቸዋለሁ። በየሁለት ቀኑ በጨለማው ውስጥ እጄን ሰድጄ የረገፈውን ዝቃጭ በጎማ እስባለሁ፤ የጎደለውን በአዲስ የባሕር ውሃ እሞላለሁ። ጠጉሩ መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ነጣ፣ ከዚያ በእጄ ሲነካ የሚለቅ ሆነ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሱባዔ የገባን ሰው ማንም አይረብሸውም። ስለዚህ ሰዉ ከአክብሮት የተነሣ ሳምንቱን ሙሉ ቀረ። በራችንን አልፈው ሲሄዱ ድምፃቸውን ሳይቀር ዝቅ ያደርጋሉ። ባለቤቴ በብርድ ልብስ ከተሸፈነ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ይውላል። እኔም ዘዴኛነቴን ረገምኩ። ውሃውን ላድን ብዬ ሰውዬውን በገዛ እጄ ገደልኩት እንዴ አልኩ።

በስምንተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ጠርቷል። ባለመስመሮቹ ከስተዋል ግን ሽው ሽው ይላሉ፤ ሸርጣኗም ድንጋይ ላይ ወጥታ ቁጭ ብላለች። ዝለል ዝለል አለኝ። «እየው እስቲ!» አልኩት። አየና «ጎበዝ» አለኝ፤ ከልቡ ነው ያለው። ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። ዓይኑ በሩ ላይ እንደቀረ መሸ። ማንም አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ፣ ኤዶ ዘንድ ሄድኩና እውነቱን ዘረገፍኩት። ሱባዔ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ አረንጓዴውን ያመጣው ምግባችን እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ለዓሣዎቹ ምንም መስጠት ክልክል እንደሆነ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጨርቋን ማጣጠፏን አቆመችና፣

«ታዲያ እጄን ምን ላድርገው?» አለችኝ።

«እንዴት ማለት?»

«የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ? ለሱ ባመጣ ይሰድበኛል። ዓሣው መጣ፣ አልሐምዱሊላህ አልን። ለዓሣው ሰጥተን እሱን ጠየቅን። አሁን ዓሣውንም ከለከልሽኝ። በምን ልግባ?»

ለካ ሁሉም የሚያደርጉትን ያውቁ ኖሯል። ለካ ያ ሁሉ ሥጋና ዳቦ፣ ያ ሁሉ ኦቾሎኒ፣ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆሞ የመለሰባቸው ብርቱካን ነበር። ስንት ወር ሙሉ በመስታወት በኩል አድርገው ሲያቀብሉት ከርመዋል፤ እኔ በምላጭ የፋቅሁትም እሱኑ ነው። በሩ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ኤዶ ማልቀሴን አይታ «ምን ሆነሻል፣ ለዓሣ ነው?» ብላ ሻሿን ሰጠችኝ።

እንባዬን ጠረግሁና ለማለት የከበደኝን ነገር አልኳት። ክኒኑን በሰዓቱ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሲተኛ ትንፋሹን የማዳምጠው እኔ ነኝ። እንዲህም ሆኖ «ኤዶ፣ እኛ ቤት ታማሚ የለም» አልኳት። «ባዶ እጅሽን ነይ። ለሁሉም ንገሪያቸው።»

አተኩራ አየችኝ። «ወላሂ ከባድ ነው» አለች። «እሞክራለሁ።»

የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ ስፌት ክፍሌ አልገባሁም። በሩ ተንኳኳ። ኤዶ ናት፤ ኮንትሮባንድ የሚፈትሽ ፊናንስ ፊት እንደቆመ መንገደኛ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ገባች። ባለቤቴ እጆቿን አየ። ምንም አልያዙም። ከእሷ ኋላ የባቡር ሰዎቹ መጡ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ኪሳቸው ይከታሉ፣ ያወጣሉ፣ እንደገና ይከታሉ። አባ መጡ፤ መስቀላቸውን ብቻ ይዘዋል። ሌሎችም መጡ፤ ወንበር አነሰና አልጋችንን ጭምር አወጣን።

እንዴት አደርክ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ ያደረገም አልነበረም። ኤዶ እንደተቀመጠች የዛሬ ስንት ዓመቱን ነገር አነሣችበት፤ ጨርቋን ከወንበር ሥር ስትደብቅ ይዟት አዲጋላ ጣቢያ ላይ ከባቡር ሊያስወርዳት የነበረውን።

«አንተ ጨካኝ! በዚያ ፀሐይ!»

«ደንብ ነው! ዛሬም ብይዝሽ አስወርድሻለሁ!»

«በምንህ? በማኅተምህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ደነገጥኩ፤ ልቡ አልኩ፣ ማኅተሙ አልኩ። እሱ ግን ከሁሉም አብልጦ ሳቀ፤ ብድግ ብሎ ጣቱን እየቀሰረ እንደ ድሮው ጮኸባት። ዓሣዎቹን ያን ቀን ያየም የለ። ሲጨቃጨቁ መሸ፤ ተያይዘው ወጡ፤ በረንዳው ላይ ቆመውም ሌላ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ።

ሸኝቷቸው ገባ። ላብ በላብ ሆኗል፣ ድምፁም ሰልሏል። ክኒኑን በአንድ እጄ፣ ውሃውን በሌላው ይዤ ቆሜአለሁ። ተቀብሎኝ ዋጠና ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«አየሽ» አለኝ፣ «ዛሬ አንድም ጠያቂ አልመጣብኝም። ሰው ነው የመጣው።»